አንድ አድራሻ፣ ሁለት መርሐ ግብር

ቅዳሜ ለ8 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነበር። ዌብሳይቱን የምሠራለት የማሠልጠኛ ተቋም ኮሪደር ጭር ብሏል። ፈተናው ጠዋት ተሰጥቶ ተፈታኙም ፈታኙም ሄዷል፤ እኔ ብቻ ወረቀት ከጎረሰ ፕሪንተር ጋር ስታገል ቀርቻለሁ። በሩ ተንኳኳና ከጎልማሳነት ወደ ሽምግልና ያዘነበሉ ሰው እርሳስና ካልኩሌተር ይዘው ገቡ። የማታ ተማሪ ናቸው፤ ስንተላለፍ ሰላምታ እንለዋወጣለን።

«ልጄ፣ የሒሳብ አያያዝ ፈተና የትኛው ክፍል ነው?»

«ጋሼ፣ ፈተናውማ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተሰጥቶ አለቀ።»

አልተቆጡም። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ እርግጠኛ ስለነበሩ ፈገግ አሉና ስልካቸውን አወጡ። የእኛው ገጽ ነው፣ እኔው በእጄ የሠራሁት። መሐል ላይ መርሐ ግብሩን የያዘው ምስል ተቀምጧል፦ የሒሳብ አያያዝ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት።

«ይሄ የድሮ ስክሪንሾት ነው፤ ሰው ልኮልዎት ይሆናል» አልኳቸው። ቀድሞ ከአፌ የወጣው ይህ ነበር፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

«ኧረ ልጄ፣ አሁን ስመጣ መንገድ ላይ ነው የከፈትኩት። ይኸው እይ!» አሉና ገጹን በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳቡት። ትንሿ ክብ ዞረች፤ ገጹ ለቅጽበት ነጣ ብሎ ተመለሰ። 8 ሰዓት። ደገሙት። አሁንም 8 ሰዓት።

የራሴን ስልክ አውጥቼ ያንኑ ገጽ ከፈትኩና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አድራሻውን ፊደል በፊደል አስተያየሁ፤ አንድ ነው። የእኔው ስልክ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይላል። መርሐ ግብሩን ረቡዕ ዕለት የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ቀይሬም አረጋግጫለሁ። አስፈቅጄ በእሳቸው ስልክ ላይ የግል መስኮት ከፈትኩና አድራሻውን እንደገና ጻፍኩት። 3 ሰዓት አለ። ሰውየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ወደ ቀድሞው መስኮት ተመልሰው እሱንም አዩት።

«ታዲያ ስልኬ ምን ሆኖ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ለዓመታት የተሸመደደ መልስ ነበረኝ። «የብሮውዘርዎን ካሽ ያጽዱት።» ካሽ ማለት ብሮውዘር ያየውን ገጽና ምስል ቅጂ የሚያስቀምጥበት ማከማቻ ነው። ለስንቱ ሰው ብያታለሁ! ችግሩ የእናንተ ቤት ነው ለማለት የምንጠቀምባት የጨዋ አባባል ናት። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። እርሳሳቸው እንደተቀረጸ ነበር፤ ጫፉ ገና ወረቀት አልነካም።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ዌብሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩን፣ ሎግ ከፈትኩ፤ ምን መቼ እንደተጠየቀ የሚመዘገብበት ነው። ሰውየው እፊቴ ገጹን ሪፍሬሽ ያደረጉበትን ደቂቃ ስለማውቀው መስመሮቹን ማግኘት አላስቸገረኝም። ሁለት ጊዜ ሳቡት፤ ሎጉም ላይ ገጹ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል። ምስሉ ግን አንድ ጊዜም አልተጠየቀም። ቀጥሎ የግል መስኮቱን፣ ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ የማይጠቀመውን፣ የከፈትኩበት ደቂቃ አለ፤ እዚያ ላይ ገጹም ተጠይቋል፣ ምስሉም ተጠይቋል፣ ሰርቨሩም አዲሱን ሰጥቷል።

ስልኩ አሮጌውን ምስል ያሳየው ሰርቨሩ አሮጌ ምስል ስለሰጠው አይደለም ማለት ነው። ጭራሹን ሳይጠይቅ ሰኞ ማታ ካስቀመጠው ቅጂ አውጥቶ ነው ያሳያቸው። መጀመሪያ ያዩት ሰኞ ማታ እንደነበር ነግረውኛል።

ለምን አልጠየቀም? ምስሉ ከሰርቨሩ ሲወጣ ይዞት የሚሄደውን ሄደር አየሁ፤ ስለ ምስሉ የሚናገሩ አጫጭር መስመሮች ናቸው። ዓይነቱ አለ፣ መጠኑ አለ፣ መጨረሻ የተለወጠበትን ቀን የሚናገረው «ላስት-ሞዲፋይድ» አለ። ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ፣ መቼ ተመልሶ ይጠየቅ የሚለውን የሚናገረው «ካሽ-ኮንትሮል» የለም። እኔ አላስቀመጥኩትም። ካላዘዝኩት ብሮውዘሩ አያስቀምጥም ብዬ አስብ ነበር እንዴ? ለነገሩ አስቤበት አላውቅም ብል ይቀላል።

ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት የኤችቲቲፒ ሕግ ግን አስቦበታል። የገጹ ባለቤት ስለ ዕድሜው ምንም ካላለ፣ ተቀባዩ የራሱን ግምት እንዲወስድ ይፈቀድለታል። የተለመደው ግምት ደግሞ ፋይሉ ሳይለወጥ ከቆየበት ጊዜ 10 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው አርኤፍሲ 2616 በሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ውስጥ ተጽፏል፤ በ2022 በወጣው አርኤፍሲ 9111 ውስጥም አለ። አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው ለእኔ ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። የመጀመሪያው መርሐ ግብር ሰኞ ዕለት ከተጫነ 60 ቀን ሞልቶታል። የ60 ቀን 10 በመቶ 6 ቀን ነው። ስለዚህ ስልኩ ከሰኞ ማታ ጀምሮ እስከ እሑድ ማታ ድረስ ምስሉን ሳይጠይቅ የማሳየት መብት ነበረው። እኔ የቀየርኩት ረቡዕ ነው። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ሁለቱም እዚያ ስድስት ቀን ውስጥ ወደቁ።

ይህን ሒሳብ ሳየው የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ ይልቅስ አንድ ዓይነት መደነቅ ነው። ግምቱ እኮ የሰው ግምት ነው! 60 ቀን ሳይለወጥ የቆየ ነገር ነገም አይለወጥም ብሎ ማሰብ ምን ሞኝነት አለው? ትናንት የተጫነ ፋይል ቢሆን ኖሮ ስልኩ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አያምነውም ነበር። ያንን መርሐ ግብር አደገኛ ያደረገው ለረጅም ጊዜ ትክክል ሆኖ መቆየቱ ነው።

ሪፍሬሹ ያልሠራበትም ምክንያት አለው። ድሮ ሪፍሬሽ ማለት ገጹንም በገጹ ላይ ያለውንም ሁሉ «ተለውጠሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ክሮም የሚባለው ብሮውዘር ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ዋናውን ገጽ ብቻ ይጠይቅና የቀረውን፣ ምስሎቹን ጨምሮ፣ እንደወትሮው፣ ጊዜው ያላለፈ ቅጂ ካለው ከቅጂው፣ ይጭናል። ለፍጥነት ጥሩ ነው። የሰውየውን አውራ ጣት ግን ከንቱ አደረገው።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ የራሴ ማረጋገጫ ነው። ረቡዕ ዕለት አዲሱን ፋይል ስጭን ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አር የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። ይህ ማለት ብሮውዘሩን «ያለህን ሁሉ ተወውና ከሰርቨሩ አዲስ አምጣ» ማለት ነው። አመጣ፤ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ዘጋሁት። ማንም ተማሪ በማይገባበት በር ገብቼ በሩ ክፍት መሆኑን አረጋገጥኩ ማለት አይደል?

ጅብ ከሄደ

ያን ማታ ያደረግኩት ነገር ሁሉ የቁጭት ሥራ ነበር። መጀመሪያ ከአንድ የቆየ ፕሮጀክት ሦስት መስመር የሜታ ታግ፣ ለብሮውዘር የሚጻፍ ትእዛዝ፣ ቀድቼ ገጹ ከተጻፈበት ኮድ፣ ከኤችቲኤምኤሉ፣ ራስ ላይ ለጠፍኩ፦ «ካሽ-ኮንትሮል»፣ «ፕራግማ»፣ «ኤክስፓየርስ»። እነዚህን ሦስት መስመሮች ለዓመታት ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት እንደ ክታብ አንጠልጥያቸው ዞሬያለሁ። ገጹን ከፍቼ የምስሉን ሄደር ሳየው ምንም አልተለወጠም። እንዴትስ ይለወጣል? ምስሉ ለብቻው ተጠይቆ ለብቻው መልስ ይዞ የሚመጣ ነገር ነው። የገጹ ራስ ላይ የተጻፈውን አያነብም፤ ስለ እሱ የሚነገረው ከእሱው ጋር በሚመጣው ሄደር ብቻ ነው።

ወደ ሰርቨሩ ማዋቀሪያ ሄድኩ። እዚህ ደግሞ ስማቸው ሰው የሚያሳስት ሁለት ቃላት አሉ። «ኖ-ካሽ» ሲባል አታስቀምጥ ማለት ይመስላል፤ አይደለም። አስቀምጥ፣ ነገር ግን እኔን ሳትጠይቅ አታሳይ ማለት ነው። አታስቀምጥ የሚለው «ኖ-ስቶር» ነው። እኔ በሰዓቱ እልህ ውስጥ ስለነበርኩ ኃይለኛውን መረጥኩና በዌብሳይቱ ላይ ላለ ምስል ሁሉ «ኖ-ስቶር» ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ገጹ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው መራመድ አቃተው። አንዱ ገጽ ላይ ብቻ ወደ 40 የሚሆኑ ምስሎች አሉ፤ ሎጎውን፣ ምልክቶቹን፣ የመምህራኑን ፎቶ ጨምሮ። ሰው አንድ ነገር በነካ ቁጥር ሁሉም ከዜሮ ይጫናል። ሦስት ዓመት ያልተለወጠ ሎጎ በየደቂቃው እንደ አዲስ ይላካል፤ ስልክ የያዘው ሰው ደግሞ ለዳታው ይከፍላል። የአንድ ምስል ጥፋት ለአርባው ተረፈ።

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከዚያ የባሰው፣ ያ ሁሉ ግርግር የቅዳሜውን ችግር አንዲት ስንዝር አለማነቃነቁ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አዲሱ ትእዛዝ የሚጓዘው ከመልስ ጋር ነው፤ መልስ የሚሄደው ጥያቄ ሲመጣ ነው፤ አሮጌውን ቅጂ የያዘው ስልክ ደግሞ ጊዜው እስኪደርስ አይጠይቅም። ሰርቨሩ ላይ ቆሜ የፈለግኩትን ያህል ብጮህ የሚሰማኝ ሊጠይቀኝ የመጣው ብቻ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ስለ ሐሜት አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ለሄደርም ይሠራል። እንዲያውም እኔ ዝም ስላልኩ እድለኛ ነበርኩ፤ ስልኩ የወሰደው 6 ቀን ነው። ፍጥነት ፍለጋ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የቅጂውን ዕድሜ የሚወስነውን «ማክስ-ኤጅ» 31536000 ብዬ ቢሆን ኖሮስ? በሰከንድ የተቆጠረ አንድ ዓመት ነው። የተሳሳተ የፈተና ሰዓት አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ኪስ ውስጥ እንዲኖር በገዛ እጄ ፈርሜ እሰጥ ነበር።

የወጣውን ቃል መመለስ ካልተቻለ ማለፊያው መንገድ ስም መቀየር ነው። ብሮውዘሩ ቅጂዎቹን የሚያውቃቸው በአድራሻቸው ነው፤ በይዘታቸው አያውቃቸውም። ገጹ ደግሞ በየጊዜው ይጠየቃል። ስለዚህ ገጹ ውስጥ የምስሉን ስም ከነቀኑ ብጽፈው፣ ወይም ከአድራሻው ጫፍ የጥያቄ ምልክትና አንድ ቁጥር ብጨምርበት፣ ስልኩ ያንን አድራሻ ከዚህ በፊት አይቶት ስለማያውቅ የግድ ይጠይቃል። ረቡዕ ዕለት ፋይሉን በዚያው በአሮጌ ስሙ ላይ ባልጭነው ኖሮ ሰውየው ጠዋት ይፈተኑ ነበር። አንድ ፊደል ያህል ሥራ ነው።

(መርሐ ግብርን በምስል መለጠፍ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን ሰነዱ ማኅተም አርፎበት፣ ስካን ተደርጎ ነው የሚመጣልኝ። አሁን ከምስሉ በታች በጽሑፍም እደግመዋለሁ።)

ለየምስሉ የራሱ ቃል

ከዚያ ምስሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ለእኔ «ምስሎች» የሚባሉ አንድ ፎልደር ነበሩ።

ሎጎውና መሰሎቹ ቀላል ናቸው። ስማቸው ላይ ከይዘታቸው የሚሰላ ቅጥያ አደረግኩ፤ ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ራሱ ይለወጣል። ለእነዚህ አንድ ዓመት ሰጠሁ፣ ከጎኑም «ኢሚዩተብል»። ይህ ቃል እ.ኤ.አ. በ2017 በአርኤፍሲ 8246 የገባ ሲሆን፣ ትርጉሙ ይህ ፋይል በዚህ ስም አይለወጥምና በሪፍሬሽም ጊዜ አትጠይቀኝ ነው።

መርሐ ግብሩ «ኖ-ካሽ» ሆነ። ስልኩ ቅጂውን ይይዛል፤ በከፈተው ቁጥር ግን የይዘቱን ማኅተም፣ ኢታግ የሚባለውን፣ ይዞ መጥቶ «ይሄ አሁንም ልክ ነው?» ይላል። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 ብሎ ይመልሳል፤ ምስሉን አይልክም፣ ጥቂት መስመር ሄደር ብቻ ነው። ከተለወጠ 200 ይልና አዲሱን ይሰጠዋል። ለዓመታት የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ የምጠራበት ስም ጠፍቶኝ «ካሽ መከልከል» እያልኩ ስፈልገው ኖርኩ።

ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ተፈታኞች ሲመዘገቡ የሚጭኑት የመታወቂያ ፎቶ አለ። እነዚህ ፎቶዎች ከመርሐ ግብሩ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በዚያው በእኔ ዝምታ ሥር ነበሩ። በተቋሙ የጋራ ኮምፒውተሮች ላይ የተመዘገበ ሰው መዝገቡን ዘግቶ ሲወጣ የመታወቂያው ፎቶ ዲስኩ ላይ ይቀራል ማለት ነው። «ኖ-ስቶር» የተሠራው ለእነዚህ ነው። ሕጉ ራሱ ይህ ትእዛዝ ምሥጢር ለመጠበቅ ብቻውን በቂና አስተማማኝ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ አለማድረግ ግን ሰበብ የለውም። ስለ መርሐ ግብሩ አንድ ሰው መጥቶ ጠየቀኝ። ስለ ፎቶዎቹ ማንም አልጠየቀኝም፤ ባልከፍታቸው ኖሮ እስከ ዛሬም እንደዚያው በቀሩ ነበር።

እዚያው ላይ ግማሽ ቀን የበላኝ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው ፎቶውን ቀይሮ ሲጭን፣ «ኖ-ስቶር» ተደርጎም እንኳ ገጹ ላይ የሚታየው የድሮው ነው። ሎጉን አየሁ፤ ሄደሩን አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ጉዳዩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ብሮውዘር አንድ ገጽ ክፍት እስከሆነ ድረስ በዚያ ገጽ ላይ የተጫኑ ምስሎችን ለብቻቸው ዝርዝር ይይዛቸዋል፤ ያው አድራሻ እንደገና ሲጠራ ወደ ኤችቲቲፒው ሕግ ሳይወርድ ከዚያ ዝርዝር እንዲያነሳ የኤችቲኤምኤል ደንብ ይፈቅድለታል። መፍትሔው አሁንም ስም ነው፦ ፎቶው በተጫነ ቁጥር አዲስ አድራሻ።

ሎጉ የማይጽፈው

ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ምድብ ጋር እንዲፈተኑ ተፈቀደላቸው። ጨርሰው ሲወጡ ወደ እኔ ጎራ አሉ።

«ስልኬን ላሠራው ወይስ ይቅር?»

«ስልክዎ ምንም አላጠፋም ጋሼ። እኔ ነኝ ሳልነግረው የቀረሁት።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ እንደኔ የሆነ ስንት ሰው ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። ሎጉን እንደገና ከፍቼ ልቆጥር ሞከርኩ፤ የሚቆጠር ነገር የለም። ሎግ የሚጽፈው የጠየቀውን ነው። ረቡዕና ቅዳሜ መሐል ገጹን ከፍቶ፣ ምስሉን ሳይጠይቅ፣ 8 ሰዓት የሚለውን አይቶ ስልኩን የዘጋ ሰው መስመሩ የለም። ገጹ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ምስሉ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ማነጻጸር ይቻላል፤ አነጻጽሬያለሁ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግን ከዚያ ውስጥ ሐሙስ ከጓደኛው ሰምቶ የዳነው ማን ነው? መጥቶ ባዶ ኮሪደር አግኝቶ፣ በር ማንኳኳት አፍሮ የተመለሰውስ? ሰውየው ስለጠየቁኝ አወቅኩ። ያልጠየቀኝን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

መሳቢያዬ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚለወጥ ምስል ሲኖር ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አር አልጫንም። መጀመሪያ በዚያ ስልክ ገጹን እንደማንኛውም ሰው እከፍታለሁ፤ ቅጂውን ይያዝ። ከዚያ ፋይሉን እቀይራለሁ። ከዚያ ሪፍሬሽ ሳላደርግ እንደገና እከፍተዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ መርሐ ግብር መጣልኝ። ስልኩን አወጣሁ፣ ከፈትኩት፤ ሎጉ ላይ 304 የሚል መስመር ወረደ። ፋይሉን ቀየርኩና ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ በዚያው ስልክ ገጹን ከፈትኩ። ከስንጥቁ በስተግራ አዲሱ ሰዓት ታየ፤ ሎጉ ላይ 200። ስልኩን አጥፍቼ ወደ መሳቢያው መለስኩት።